የእትዬ ማዘንጊያ ሥርና የፍሥሐ አይጦች

እትዬ ማዘንጊያ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት የታመመች ልጃቸውን አንሶላ ለማጠብ እንጂ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም። በኮሎምበስ ከተማ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከላውንድሪው ገብተው ማሽኑ ውስጥ ሳንቲም ሲጨምሩ ግን አፍንጫቸው አንድ ነገር ያዘ። ዞር ቢሉ አንድ ቀጭን የአገራቸው ልጅ ነጭ ጋዋን ከላስቲክ እያወጣ አጠገባቸው ካለው ማሽን ይከታል።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ይህ የአይጥ ሽታ ከአንተ ነው?»

ልጁ ደንግጦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዎን፣ ከእኔው ልብስ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፍሥሐ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ መድኃኒት እማራለሁ፤ ከትምህርቴ በተረፈኝ ሰዓት ላብ በሚሉት የምርመራ ክፍል ውስጥ አይጦች እጠብቃለሁ።»

«ወይ ጉድ! የአገራችን አይጥ ጎተራችንን አራቁቶ ሲያስለቅሰን ኖረ፤ አንተ ደግሞ ባሕር ተሻግረህ መጥተህ ትቀልበዋለህ?»

ፍሥሐ ሳቀ። ስቆ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ዳሩ ግን የተማረ ሰው ስለ ተማረው ነገር ከተጠየቀ አፉን መዝጋት አይሆንለትም፤ ይህ የሁላችንም የተማሪዎች ደዌ ነው። ማሽኑ እስኪያጥብ ድረስ ከጎናቸው ተቀምጦ ያስረዳቸው ጀመር። አስተማሪው የሆነች አንዲት ሴት ከየአገሩ የሚመጡ፣ መድኃኒት ናቸው የሚባሉ ቅጠሎችና ሥሮች ትመረምራለች። ቅጠሉ ይቀቀልና ውሃው ይጠልላል፤ ከዚያ ለአንዳንዶቹ አይጦች ትንሽ፣ ለአንዳንዶቹ ብዙ፣ ለቀሩት ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሰጣቸዋል። ሁለት ሳምንት ይጠበቃሉ። ማን በላ፣ ማን ፈዘዘ፣ ማን ሞተ ተብሎ ይታያል፤ በመጨረሻም ሆዳቸው ተከፍቶ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ይመረመራል።

እትዬ ማዘንጊያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ለምን እንደ ተቆጡ ለመረዳት ማንነታቸውን ማወቅ ይገባል። አባታቸው በቢቸና አገር ስማቸው የተጠራ ባለመድኃኒት ነበሩ። ለወፍ በሽታ፣ ማለትም ዓይን ቢጫ ለሚያደርገው ሕመም፣ የሚሰጡት አንድ ሥር ነበራቸው፤ የሥሩን ስም ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እንደ ልማዱ ለበኩር ወንድ ልጅ መተላለፍ ሲገባው፣ ወንድ ልጅ ስላላገኙ ለማዘንጊያ ነገሯቸው። ሲነግሯቸውም «መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ ለአንድ ልጅሽ እንጂ ለማንም አትንገሪ» ብለው አስማሏቸው። የአጎቶቻቸው ልጆች «ሴት አይደለች እንዴ፣ ትዘከዝከዋለች» ብለው ስላሟቸው፣ እነሱን ለማሳፈር ሲሉ ከወንድ አብልጠው ጠበቁት። በስደት ሱዳን ሲገቡ የአንገት ወርቃቸውን ሸጡ እንጂ ያን ሥር ከመቀነታቸው አልፈቱትም።

እነሆ ዛሬ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚኖሩበት አፓርትመንት አንድያ ልጃቸው ዘርፌ በዚያው በወፍ በሽታ ተይዛ ተኝታለች። ዓይኗ የእንቁላል አስኳል መስሏል፤ የምግብ ሽታ ያጥወለውላታል። የሆስፒታሉ ሐኪም ደሟን መርምሮ «ጉበትሽን የያዘው ቫይረስ ነው፤ ይህን የሚያጠፋ መድኃኒት የለንም፤ ዕረፊ፣ የቻልሽውን ብዪ፣ አልኮል አትቅመሺ፣ እየተመላለስሽ ደምሽን አሳዪ» ብሎ መልሷታል። እትዬ ማዘንጊያ «መድኃኒት የሌለው ሰው ሐኪም የተባለው በምኑ ነው?» ብለው ሥሩን ሊቀቅሉ ድስት ጣዱ። የዘርፌ ባል ተስፋዬ ግን የአውቶቡስ መካኒክ ነውና ውስጡን ያላየውን ነገር አያምንም። ድስቱን ከምድጃው አውርዶ «እትዬ፣ አይቆጡኝ፤ ምን እንደ ሆነ ያላወቅሁትን ነገር ሚስቴ አትጠጣም፤ አንድ ላብ ቴስት ካላደረገው በቀር» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አማትና አማች ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

ስለዚህ ላብ የሚለውን ቃል ከፍሥሐ አፍ ሲሰሙ የቆየ ንዴታቸው ገነፈለ።

«እኔ ባለመድኃኒት ቤት የተወለድሁ ነኝ፣» አሉት። «የአባቴ የወፍ በሽታ መድኃኒት ያዳነውን ሰው ቆጥረህ አትጨርሰውም። ለዚህ ምስክር አይጥ ትቆማለች? አይጥ ዳኛ ሆና ልትሰየምብን ነው?»

«ዳኛስ አይደለችም እትዬ፤ ቀማሽ ናት። በአገራችን አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ አልነበረም? ለጤነኛ ጌታ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለታማሚው ማን ይቅመስለት?»

«ባለመድኃኒቱ የሚያውቀውን ምን ብሎ ይቀምሰዋል! ደግሞስ አይጥ ሰው ናት? ፍየል እየጋጠች የምትወፍርበትን ቅጠል ሰው ቢቀምሰው ይሞታል። ዶሮ በርበሬ ስትለቅም አንድ እንባ አታፈስም። እንግዲህ የአይጥህ ሆድ ለእኔ ሆድ ምኑ ነው?»

«ይህማ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አስተማሪዎቻችንም ዘወትር ይጠይቁታል፣» አለ ፍሥሐ ከልቡ። «ስለዚህ ነው በአንድ ዓይነት እንስሳ የማይቆመው። ደግሞም አይጧ ደህና ሆነች ማለት ሰውም ደህና ይሆናል ማለት አይደለም። አይጧ ከሞተች ግን፣ ቆይ እስቲ፣ ምን ገደላት ብሎ ሰው ይጠነቀቃል። አጥር የሌለው ገደል አፍ ላይ አንድ ድንጋይ እንደማስቀመጥ ነው።»

«ነፍስ ያለውን ፍጥረት መርዝ ግቶ ሆዱን መቅደድስ ኃጢአት አይደለም? አይጥም ብትሆን እግዜር ነው የፈጠራት።»

የዚህ ልጅ ደግነቱ፣ መልስ ሲከብደው ቀለል አድርጎ አለማለፉ ነው።

«ይከብደኛል እትዬ፤ እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። እንዳይሠቃዩ የሚያዝ ደንብ አለን፤ ቢሆንም ይከብዳል። ግን አይጧ ካልቀመሰችው መጀመሪያ የሚቀምሰው ማን ነው? ታማሚው ነው። እኛ አገርም እኮ ሙከራ አልቀረም፤ በሰው ነው የሞከርነው። በየመንደሩ የሞተው ሁሉ የእኛ አይጥ ነበር።»

«ምን አልክ? አባቴ ሰው ገደሉ ነው የምትለው?» እትዬ ማዘንጊያ ከወንበራቸው ተነሡ። ልብስ የሚያጥፉት ፈረንጆች ሁሉ ዞረው አዩአቸው። «ስንቱ ሙክት ጎትቶ፣ ስንቱ ማር ተሸክሞ ደጃችን ለምስጋና ሲመጣ አይቻለሁ!»

«አባትዎ በቅን ልብ እንደ ሠሩ አልጠራጠርም። ግን የዳኑት ለምስጋና ይመጣሉ፤ የሞቱት መጥተው አይወቅሱም። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ አብዛኛው ምንም ሳይጠጣ ራሱ ይድናል። ታዲያ ሙክቱ የሚገባው ለመድኃኒቱ ይሁን ለዕረፍቱ በምን ለየነው? አባትዎ ልክ ነበራቸው?»

«እንዴታ! ከሦስት ጣት ቁንጥር አታስበልጪ ብለውኛል።»

«ጉዳት ከሌለው አታስበልጪ ለምን ይላሉ?»

እትዬ ማዘንጊያ ነገሩን ወደ ሌላ አዞሩት።

«ገብቶኛል ነገርህ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! ፈረንጅ የአባቴን ቅጠል ወስዶ፣ ስሙን ለውጦ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ መልሶ ሊሸጥልኝ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ስሙን አልናገርም።»

«ይህ ስጋትዎ እውነት ነው፤ እኔንም ያሰጋኛል። ነገር ግን ባለቤቱ ይህ የእኔ አገር ተክል ነው፣ ያገኘውም እገሌ ነው ብሎ አስቀድሞ በአደባባይ ካልተናገረ ነው የሚሰረቀው። ለመሆኑ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይገኝለታል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉ አሉ፤ እትዬ ማዘንጊያ ግን ሞኝ አልነበሩም። ሲነካቸው ተሰምቷቸዋል። ስለ ተሰማቸውም የበለጠ ተናደዱ።

«እንግዲያው ስማኝ!» አሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ነገ ቤቴ ና። አማቼ ፊት መድኃኒቱን በእጄ እሰጥሃለሁ። ቀቅል፣ አጠጣ፣ ከፍተህ እይ! አይጦችህ ካልሞቱ ግን አንተም እሱም ጫማዬ ላይ ወድቃችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።»

በማግስቱ ፍሥሐ መጣ። እትዬ ማዘንጊያ ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት አምጥተው ሰጡት፤ አቀቃቀሉንም አሳዩት። ተስፋዬ ተደሰተ፤ ዘርፌም ከሶፋው ላይ ሆና ፈገግ አለች።

ይሁንና እዚህ ላይ የእትዬ ማዘንጊያን ተንኮል ሳንደብቅ መናገር አለብን። አባታቸው ሥሩን ብቻውን አውጥተው አያውቁም ነበር። ቀማኛ ዓይን እንዳይለየው በየሜዳው የሚገኝ አንድ የታወቀ ቅጠል ወቅጠው ይደባልቁበታል። ቅጠሉን «ልብሱ» ይሉታል፤ መድኃኒት ራቁቱን ሰው ፊት አይቀርብም ማለታቸው ነው። እትዬ ማዘንጊያም ለፍሥሐ የሰጡት ልብሱን ብቻ ነው። እውነተኛው ሥር መድኃኒቱ በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮውም ከአልጋቸው በታች ቀረ። መሐላቸው ተጠበቀ፣ ፈረንጅም ባዶ እጁን ቀረ፣ ተስፋዬም አፉ ተዘጋ፤ በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ መታሁ ብለው ያን ዕለት ደስ ብሏቸው አመሹ።

ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ፍሥሐ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ።

«እትዬ፣ ኮራሁብዎት!» አለ። «አንድም አልሞተ፣ አንድም አልፈዘዘ። ለሰው ከሚሰጡት እጅግ አብልጠን ሰጥተን አየነው፤ ጉበታቸው ውሃ ብቻ ከጠጡት ጉበት አይለይም። ይህ በቂ ነው ማለት አይደለም፣ በሌላ እንስሳም መታየት አለበት...»

የመጨረሻውን ቃል የሰማው ሰው የለም። ሰው ከምርመራ የሚሰማው የፈለገውን ብቻ ነው፤ ይህም ሌላ ደዌ ነው። ተስፋዬ እትዬ ማዘንጊያ ጫማ ላይ ሊወድቅ ሲል ደግፈው አነሡት። ደረታቸውን ነፉ። ያልተፈተነውን ፈተና እንዳለፈ ሰው ኮሩ።

«በሉ እንግዲህ ምን እንጠብቃለን!» አለ ተስፋዬ። ሲሮጥ ሄዶ ከእትዬ ማዘንጊያ አልጋ በታች የመድኃኒቱን ቆርቆሮ አመጣ፤ ውሃም ጣደ። «አይጦቹ ያን ሁሉ ጠጥተው ምንም ካልሆኑ፣ ቁንጥር ምን ያደርጋል? ሙሉ ማንኪያ ላድርግላት፤ ቶሎ ትዳንልኝ። አራት ኪሎ ከስታለች እኮ፣ እትዬ!»

ማንኪያው ወደ ቆርቆሮው ሲገባ እትዬ ማዘንጊያ አዩ። ያን ጊዜ ለብዙ ዘመን ያላሰቧት ሰው ትዝ አለቻቸው። ሰርካዲስ የምትባል የጎረቤታቸው ሙሽራ በወፍ በሽታ ተይዛ ነበር። ባሏ ስለ ቸኮለ አባታቸው ጠገብ አድርገው ሰጧት። እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፤ ደም አስመለሳት፤ በሦስተኛው ቀን ተቀበረች። ሰው ሁሉ «ቀኗ ነው» አለ፤ አባታቸውም «ቀኗ ነው» አሉ። ከሦስት ጣት ቁንጥር አታስበልጪ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ግን ከሰርካዲስ ቀብር በኋላ ነው። እትዬ ማዘንጊያ ይህን ሁልጊዜ ያውቁት ነበር፤ ሁለቱን አገናኝተው አስበው ግን አያውቁም።

«እማዬ፣» አለች ዘርፌ ተስፋዬ ዱቄቱን አፍልቶ በኩባያ ሲያቀርብላት እጇን ዘርግታ፣ «አንቺ ካልሽ እጠጣለሁ። ደግሞ ላቡም መስክሮልሻል።»

«አይሆንም!»

ኩባያውን ከተስፋዬ እጅ መትተው ጣሉት። የፈላው ውሃ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ሦስቱም አፋቸውን ከፍተው ያዩአቸዋል። አባታቸው በአንድ በኩል፣ ልጃቸው በሌላ በኩል ቆመው እንደሚጎትቷቸው ተሰማቸው። የአባታቸውን አጥንት ፈሩት፤ የልጃቸውን ቢጫ ዓይን ግን የበለጠ ፈሩት።

«አይጦቹ የጠጡት ልብሱን ነው፣» አሉ በመጨረሻ። «ማደናገሪያውን ቅጠል። እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን ሥሩ አለበት። ሥሩን አልሰጠሁትም። አይጥም አልቀመሰውም።»

ፍሥሐ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣» አለ፣ «ታላቅ ሰው የምሰድብ ልጅ ሆኜ አላደግሁም። ግን ልቤ ተቃጥሏል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ደህና ነው ብዬ ለመመስከር ነው። ተስፋዬ ያመነው እርስዎን አይደለም፤ እኔን ነው። ዘርፌ ያን ማንኪያ ጠጥታ አንድ ነገር ብትሆን ገዳይዋ እኔ ነበርሁ። ሐሰተኛ ነገር የተሰጠው ምርመራ ካልተመረመረ ነገር ይብሳል፤ ያልተመረመረውን ሰው ይፈራዋል፣ በሐሰት የተመሰከረለትን ግን በማንኪያ ይጠጣዋል።»

ተስፋዬ ሊናገር አፉን ሲከፍት እትዬ ማዘንጊያ ቀደሙት።

«ተቆጡ! ሁለታችሁም ተቆጡ፤ እኔም በራሴ ተቆጥቻለሁ። ግን አንገቴን ደፋሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። የአባቴ መድኃኒት ክፉ ነው አላልሁም፤ አልተፈተነም ነው ያልሁት።» ከቆርቆሮው ግርጌ ገና ያልተወቀጠውን ሥር አውጥተው ፍሥሐ መዳፍ ላይ አኖሩት። «ይኸው ራቁቱን። ስሙን አልናገርም፤ መሐላ አለብኝ። ስትከፍታቸው ግን እኔም ቆሜ አያለሁ። በወሬ አላምንም፤ በዓይኔ ካላየሁ አልሸነፍም።»

ፍሥሐ አስተማሪውን አስፈቅዶ፣ ሥሩን ለአይጦቹ መስጠት ከጀመረ ሌላ ሁለት ሳምንት ባለቀበት ቀን እትዬ ማዘንጊያን ወደ ላብ ወሰዳቸው። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በላዩ ላይ የተሰጣቸውን ጋዋን ደርበው ገቡ። ነጫጭ አይጦች ሰጋቱራ በተነጠፈባቸው ሳጥኖች ውስጥ በየወገናቸው ተቀምጠዋል። ውሃ ብቻ የጠጡት ይሯሯጣሉ፤ አንዷም ወደ እትዬ ማዘንጊያ ጣት መጥታ አሸተተች። ትንሽ ሥር የጠጡት ጠጉራቸው ቆሞ ጥግ ይዘዋል። ብዙ የጠጡበት ሳጥን ግን ከአንዲት በቀር ባዶ ነው።

«የቀሩትስ?» አሉ።

«በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱ፣ እትዬ።»

ፍሥሐ ከሦስቱም ወገን የወጣ ጉበት በነጭ ሳሕን ላይ አስቀመጠላቸው። የትኛው የማን እንደ ሆነ አልነገራቸውም፤ «እርስዎ ይፍረዱ» አለ ብቻ። እትዬ ማዘንጊያ በግ ታርዶ ብልት ሲወጣ ለስንት ዘመን ቆመው ያሳለፉ ሴት ናቸው። ለጥሬ የሚቀርበውንና ለውሻ የሚጣለውን ጉበት ለመለየት አስተማሪ አያሻቸውም። ጎንበስ ብለው አዩ። አንደኛው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ስል ነው። ሁለተኛው ገርጥቷል። ሦስተኛው ቢጫ ሆኖ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፤ እንደ ሻገተ ነገር ፈራርሷል።

«ይህን ለውሻም አልሰጥም፣» አሉ ሦስተኛውን እያሳዩ። ወዲያው አንድ ነገር ገብቷቸው ቀና አሉ። «ሐኪሙ የዘርፌ በሽታ የት ላይ ነው ብሎ ነበር?»

«ጉበቷ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! የታመመ ጉበቷን ጉበት በሚበላ ሥር ላክመው ነበር!» ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም ፊታቸውን አልሸፈኑም። «አባቴ ሥሩን አብዝተው የሰጧት ሰርካዲስ፣ ቀኗ አልነበረም፣» አሉ። «አልነበረም!»

ፍሥሐ ወንበር አምጥቶላቸው አጠገባቸው ተንበረከከ። «አባትዎ አላወቁም ነበር፣ እትዬ። የሚጠይቁበት መንገድ አልነበራቸውም።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ነበረኝ፤ ላውንድሪ ቁጭ ብለህ ስትነግረኝ ሰድቤህ ነው የወጣሁት።»

ዘርፌስ? ዘርፌ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ምንም መድኃኒት አልቀመሰችም። ተኛች፣ የቻለችውን በላች፣ ደሟን እየተመላለሰች አሳየች። ቢጫው ቀስ በቀስ ከዓይኗ ለቀቀ፤ አንድ ቀን ጠዋትም ተነሥታ ራሷ እንቁላል ጠበሰች። እትዬ ማዘንጊያን ከአይጦቹም ይልቅ የረታቸው ይህ ነው። ልጃቸው እንቁላል ስትበላ ቁጭ ብለው ሲያዩ «ይህች ልጅ ሥሩን በቁንጥር ጠጥታ እንደ ምንም ብትተርፍ ኖሮ እኔ አዳንኋት ብዬ አገር አዳርስ ነበር» አሉ። «ሙክቱንም እቀበል ነበር!»

የቀረው ለሌላው ሰው መንገር ነው። የኮሎምበስ ምእመናን በዚያን ዘመን የራሳቸው ሕንፃ አልነበራቸውምና፣ እሑድ እሑድ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን በተከራዩት አዳራሽ ጸልየው ከዚያ ስለ ማኅበራቸው ጉዳይ ይነጋገራሉ። አንድ እሑድ እትዬ ማዘንጊያ ማንም ሳይጋብዛቸው ተነሥተው መካከል ቆሙ።

«ከመካከላችሁ ለወፍ በሽታ መድኃኒት ስጪኝ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ከእንግዲህ አልሰጥም። ሥሩ ተመርምሮ የእንስሳ ጉበት ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። የሥሩን ስም ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ እቤታችሁ ያላችሁ እንድትጥሉት፣ አገር ቤት ዘመድ ያላችሁም እንድትጽፉላቸው።»

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ገብረየስ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። እሳቸውም ለቁርጠት የሚሆን፣ ስሙ የማይነገር ዱቄት ለሰው ይሰጣሉ። «ማዘንጊያ! እረፊ! መድኃኒት በአደባባይ ይጠራል? የአባትሽ አጥንት ይፋረድሽ!»

«ይፋረደኝ፣ ጋሽ ገብረየስ። መልስ አለኝ።» ከዚያ ሥሩን በስሙ ጠሩት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ በስተኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙ። እኛ እዚህ ያልጻፍነው ምስጢር ሆኖ አይደለም። ያው ስም በሌላ አውራጃ ለሌላ ተክል ስለሚሰጥ፣ በስም ብቻ የሚሄድ አንባቢ እንዳይሳሳት ብለን ነው።

አዳራሹ ተንጫጫ። እትዬ ማዘንጊያ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«የአባቶቻችን መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው አላልሁም! ይህን የሚል ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ምናልባት አንዱ የእኛ ቅጠል ፈረንጅ ያላገኘውን በሽታ ያድን ይሆናል። ግን ካልተፈተነ በምን እናውቀዋለን? ሲፈተን መልካሙ ከክፉው ይለያል። ልኩ በጣት ሳይሆን በሚዛን ይታወቃል። ለእርጉዝ፣ ለሕፃን፣ ጉበቱ ለታመመ ይሁን አይሁን ይለያል። በስማችን ስለሚመዘገብ ማንም መጥቶ የእኔ ነው አይለንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መጀመሪያ ቀማሹ የእኛ ልጅ መሆኑ ይቀራል። ለሐኪም መናገር የምታፍሩበትን መጠጥ ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ፍሥሐ ይኸው፤ አይጥ አይጥ ይሸታል፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው። ያላችሁን አምጡለት፤ ስትሰጡት ደግሞ እውነተኛውን ስጡት፤ እኔ ሐሰተኛውን ሰጥቼ ልጄን ልገድል ነበር።»

ጋሽ ገብረየስ ተነሡ። ቁጣቸው ገና አልበረደም፤ ነገር ግን ድምፃቸው ውስጥ የእውነት ጥያቄ ነበረበት።

«አባትሽ ሀብት ንብረት አላወረሱሽም። ያወረሱሽ ያን አንድ ስም ነበር። እሱንም በትነሽ ለሕዝብ አደልሽው። እንግዲህ በእጅሽ ምን ቀረሽ?»

እትዬ ማዘንጊያ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ዘርፌ ከባሏ ጎን ቆማለች፤ ዓይኖቿ ነጭ ናቸው።

«ልጄ ቀረችልኝ፣» አሉ።

ጋሽ ገብረየስ ዘርፌን አዩ፤ ዱላቸውን አዩ፤ መልሰው ተቀመጡ። ስብሰባው ሲበተን ፍሥሐን ከበሩ ላይ ጠበቁት። «የቁርጠቱን ዱቄት ማክሰኞ አመጣልሃለሁ» አሉት።

«ስሙንስ፣ ጋሼ?»

ጋሽ ገብረየስ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ሰው በዙሪያቸው ሞልቷል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጮክ ብለው ነገሩት።